የሱሌማን ቢርካ

ከድሬዳዋ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ፣ ወደ ሐርላ አቅጣጫ ባለው ተራራ ላይ ሰባት ቤቶች አሉ። ሰባቱም የሚጠጡት ከአንድ ቢርካ ነው። ቢርካው በክረምት ጎርፍ የሚሞላ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ነው። አፉ በቆርቆሮ ይከደናል። የቆፈረውም የለሰነውም ሱሌማን የሚባል ግንበኛ ነበር። ሱሌማን ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል። ሴቶቹ ባልዲ ባወጡ ቁጥር «አላህ ይዘንለት» ይላሉ። ሚስቱ ኪንሲ ይህን ስትሰማ ቀና አትልም።

ዘንድሮ ጥር ላይ የቢርካው ውሃ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከደረት ወደ ቁርጭምጭሚት ወረደ። ሰው ያን ያህል አልቀዳም ነበር። ቀጥሎ የበልጉ ዝናብ ቀረ። ማሽላ አልተዘራም። ከብት የነበረው ሸጠ፣ ፍየል የነበረው ቆዳና አጥንት ጠበቀ። የመንደሩ ሽማግሌ ሐጂ ዐብዱልዓዚዝ፣ ለየቤቱ በሁለት ቀን አንድ ጀሪካን ብቻ ይቀዳ ብለው ወሰኑ። የተከራከረ የለም። የሚከራከርበት ጉልበትም አልነበረም።

የአካባቢው ቢርካዎች አንድ በአንድ ደረቁ። የሱሌማን ቢርካ ግን ከወለሉ ስንዝር ያህል ይዞ ቆየ። አይጨምርም፣ አይቀንስም።

«በረካ አለው» አሉ ሐጂ።

«ሌባም አለው» አለ የኪንሲ ጎረቤት በድሩ።

በድሩ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ከሱብሒ ሶላት ሲመለስ ቢርካው አጠገብ የአህያ ዱካ አይቶ ነበር። አፈሩ እርጥብ ነው። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ቀደም ብሎ ወጣና ኪንሲን አያት። ከቢርካው አህያዋን እየነዳች ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አህያው ላይ የታሰሩት አራት ጀሪካኖች ያንጠባጥባሉ።

ኪንሲ ማገዶ ሻጭ ናት። ቀትር ላይ ጭና ወደ ከተማ ትወርዳለች፣ ልጇ ዱኒያ ዘንድ ታድራለች፣ ጎህ ሲቀድ ትመለሳለች። ዱኒያ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታለች። በድሩ ከማገዶው ሥር ተደብቆ የሚወርደው ምን እንደሆነ የገባው መሰለው።

የበድሩ ልጅ ሁዘይፋ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። አባቱ በስልክ ነግሮት ስለነበር፣ በሳምንቱ ወሬውን ይዞ መጣ።

«ወላሂ በዓይኔ አየኋት። ሳቢያን፣ መንገድ ዳር ጥላ ሥር ተቀምጣለች። አራቱም ጀሪካን ሙሉ ነው።»

«ስትሸጥ አየሃት?» አለ አባቱ።

«አቦ፣ ታዲያ አራት ጀሪካን ውሃ ይዛ ምን ልትሠራ ትቀመጣለች?»

ሐጂ ሰዉን ቢርካው አጠገብ ካለው ግራር ጥላ ሥር ሰበሰቡ። ኪንሲ መጥታ ዳር ቆመች።

«አዴ ኪንሲ፣ ጎህ ሲቀድ ቢርካው ጋ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉ ሐጂ።

«ከመንገድ ስመጣ በዚያ አልፋለሁ።»

«ጀሪካኖቹስ?»

«የኔ ናቸው።»

«ውሃውስ የማን ነው?» አለ በድሩ።

ኪንሲ መዳፏን አየች። ገመድ ልጦታል።

«ውሃው የሁላችሁም ነው» አለች።

ጥፋቷን አመነች ተባለ። ቢርካው የብረት ክዳን እንዲገጠምለትና እንዲቆለፍ፣ የእርሷም ድርሻ እንዲቀር ተወሰነ። ኪንሲ አልጮኸችም፣ አልማለችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?»

«እኔ ጋ» አለ በድሩ።

«ጠዋት ጠዋት ለትንሽ ጊዜ ብትከፍትልኝስ?»

አንድ ሰው ሳቀ። በመንደሩ ሳቅ ከተሰማ ወራት አልፎ ነበር። ሐጂ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ «አይሆንም» አሉ።

ኪንሲ እሺ አለች። በዚያው ቀን ምንጣፏንና ድስቷን አህያው ላይ ጭና ልጇ ዘንድ ወረደች። የሸኛት የለም። የሰደባትም የለም። ፀሐዩ ከባድ ነበር፤ ሁሉም ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲያያት ቆየና ዓይኑን መለሰ።

በድሩ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ውሃውን በትክክል አደለ። ስንዝሯ ግን በየቀኑ ዝቅ አለች። በአሥረኛው ቀን ባልዲው ወለሉን መታ።

ሐጂ ዱዓ አደረጉ። ሁለት ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ወደ ከተማ ወረደ። የበድሩ የመጨረሻ ፍየል በሩ ላይ ሞተች፤ ቆዳዋን እንኳ አልገፈፈም።

«ስትሄድ ሰብራዋለች» አለ በድሩ። «ተበቀለችን።»

ሁሉም አመነው። ለማመን የሚከብድ ነገር አልነበረውም። ሆኖም ክስ ለመመሥረት ማስረጃ ያስፈልጋልና፣ ሐጂ ከተማ ደውለው ባለሙያ ጠሩ። የመጣችው ሀዊ የምትባል የውሃ ሥራ ቴክኒሻን ናት። ሁዘይፋ መንገዱ እስከሚያበቃበት በባጃጅ አደረሳት፤ ዳገቱን በእግሯ ወጣች። ስለ ውሃው አንዳንድ ነገር ጠይቃ መብራቷን ያዘችና በመሰላል ቢርካው ውስጥ ገባች።

«ስንጥቅ አለው?» አለ በድሩ ከላይ አጎንብሶ።

«አለው» አለች ከታች። «ከወለሉ ስንዝር ከፍ ብሎ ዙሪያውን ሄዷል።»

በድሩ ወደ ሐጂ ዞሮ «አላልኩም?» አለ። እንደገናም አጎነበሰ። «በመዶሻ የተመታ ነው አይደል?»

«የምን መዶሻ? የግራር ሥር ነው የሰነጠቀው። ሥሩ ገብቶ የጣት ውፍረት አውጥቷል፤ ወራት የቆየ ነው።»

ሀዊ ወጣች። እጇን በሱሪዋ ጠረገች፤ ከዚያ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየች።

«ውሃው የወረደው ጥር ላይ ነው አላችሁኝ፤ ከስንጥቁ በታች የምትቀረው ደግሞ ለሰባት ቤት ከአሥር ቀን አታልፍም፤ ታዲያ ይሄን ሁሉ ወር የጠጣችሁትን ማን ነው ሲሞላላችሁ የነበረው?»