ሚስ አዜብ ብላለች

እናቷ ካረፈች ወዲህ የአምስት ዓመቷን ረድኤት የምታሳድጋት አክስቷ ናት። ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፣ ሲያማት አቅፋት ታድራለች። የልጅቷ አፍ ግን ከመምህሯ ስም ሌላ አያውቅም።

«ነይ፣ ፀጉርሽን ልሥራሽ።»

«መጀመሪያ ጠይቂኝ። ልጅም መብት አለው፤ ሚስ አዜብ ብላለች።»

«እንግዲያ ሚስ አዜብ ትምጣና ቅማልሽን ትልቀምልሽ!»

ልጅቷ ሳቀች፤ የአክስቷ አንጀት ግን አረረ። በዚያ ሳምንት ሕፃናቱ ስለ ሕገ መንግሥት ይማሩ ነበር። ረድኤት ጭራሽ ከመምህሯ ቀሚስ ሥር አልላቀቅ አለች፤ ደወል ተደውሎ ሌሎቹ ሲወጡ እንኳ እሷ ወደኋላ ትቀራለች።

ዓርብ ዕለት አክስቷ «ልጄን ነጠቅሽኝ» ብላ ልትጣላት ቆርጣ ሄደች። ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ረድኤት የመምህሯን አንገት አቅፋለች። ቅናት እግሯን አሰራት፤ ባለችበት ቆማ አዳመጠች። ልጅቷ የምታንሾካሹክ መስሏት ድምፅዋ ውጭ ድረስ ይሰማል።

«ሚስ፣ ልጅ እናቱ እንድትንከባከበው መብት አለው ብለሽ የለ?»

«አዎ የኔ ቆንጆ፣ ሕገ መንግሥቱ ላይ ተጽፏል።»

«የኔ እናት እዚያ ናት፤ መንግሥተ ሰማያት። አንቺ ሕጋቸውን ታውቂዋለሽ፣ ንገሪያቸውና ይላኩልኝ። ለአክስቴ ግን እንዳትነግሪያት፤ አትወደኝም ብላ ታለቅሳለች።»