ለሳቅ የተጀመረ ብስክሌት

የሰደበው ባዳ ቢሆን ኖሮ ባልከፋው ነበር፤ የሟች ሚስቱ ታላቅ ወንድም ቦልቴ ነው። ከቀብሯ በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ ሰው ሁሉ ወደ ሶዶ ገበያ በሚወርድበት መንገድ ዳር፣ የቀበሌው ሜዳ ላይ አስቁሞ ሰደበው።

«አንተ ሰው፣ የእህቴ አፈር ሳይደርቅ ብስክሌት ትጋልባለህ? ጢምህን ያሳደግከው ለሐዘን መስሎን! ደግሞ በየደቂቃው ወደ ኋላ የምትገላመጠው ምን ጥለህ ነው?» ጎደሬ የተሸከሙ ሴቶች ቆሙ። አንዷ «ተወው ቦልቴ፣ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው» ብላ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ሰውየው አንድ እግሩን መሬት ተክሎ እጁን ከኮርቻው ጀርባ አሳረፈ። በጎልማሳ ዕድሜው ብስክሌት መማር የጀመረው የትም ሊሄድበት አልነበረም፤ ከሚስቱ ጋር ለመሳቅ ነበር። ቀሚሷን በመቀነቷ ሸብ አድርጋ፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች «ይዤሃለሁ፣ አትፍራ!» ትለው ነበር። አንድ ማለዳ ሳትነግረው ለቀቀችው። ሜዳውን አጋምሶ ቢዞር፣ ከሩቅ ቆማ ታጨበጭባለች። ከዚያ ወዲህ ዞሮ እሷን ሳያይ መንዳት አልሆነለትም፤ ዛሬም አንገቱ በልማድ እየዞረ ባዶውን ሜዳ ያይ ነበር።

ይህን ሁሉ ሊነግረው፣ ስድቡንም ከነወለዱ ሊመልስለት አፉን ከፈተ። ቀና ሲል ግን የቦልቴ ዓይኖች የእሷው ዓይኖች ነበሩ፤ እንባም ሞልቷቸዋል። ከኮርቻው ወረደና ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ።