የማይፈርመው ምስክር

"አንቺ ልጅ፣ የአሜሪካ ዜጋ ነሽ?"

ኮሪን ደነገጠች። ከአይብ መሸጫ ሱቋ በር ላይ በረዶ እየዛቀች ነበር... ለአካባቢው አዲስ ናት፣ ጠያቂው ደግሞ አይታው የማታውቀው ሽማግሌ ነው።

"ምነው፣ ፖሊስ ነዎት እንዴ?"

"ኧረ ሎዌል እባላለሁ! ጎረቤቴ ቬርና ዳሌዋ ተሰብሮ ቤት ውላለች። ድምፅ የምትሰጠው በፖስታ ነው። የግዛታችንን የዊስኮንሲንን ሕግ ታውቂው የለ... ምስክር ካልፈረመላት አይቆጠርም። የምትፈርምላትን የእህቷን ልጅ በረዶው መንገድ ላይ አስቀራት። ምርጫው ደግሞ ዛሬ ማታ ያልቃል!"

"ታዲያ እርስዎ አይፈርሙላትም?"

"ሕጉ አይፈቅድልኝም" ብሎ ወደ መኪናው አመራ።

ኮሪንን ነገሩ ከነከናት። ምን አድርጎ ይሆን?

ሱቋን ቆልፋ ተከተለችው። መንገዱን ሙሉ በጥያቄ አጣደፈችው... ሰውዬው ግን ወይ ፍንክች።

ቬርና ቤት ሲደርሱም ከመኪናው አልወረደም።

"ፖስታውን የምርጫ ቢሮ የምታስገቢው አንቺ ነሽ። እኔ ባልነካው ይሻላል" አላት።

ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው?

ቬርና ባዶውን የድምፅ መስጫ ወረቀት አሳየቻትና "በይ ፊትሽን አዙሪ" አለቻት። ምልክት አድርጋ አሸገች፣ ፈረመች። ኮሪንም ፈረመች፣ አድራሻዋን ጻፈች።

አሁንስ አላስቻላትም።

"እማማ፣ ሰውዬው ለምን ራሱ አልፈረመም?"

ቬርና በሳቅ ፈነዳች።

"ተወዳዳሪ ምስክር መሆን አይችልማ! የመንደራችን ሊቀመንበር እኮ ነው፣ ዛሬም ይወዳደራል። ጠዋት 'ምረጪኝ' ሊል መጥቶ ነው ጭንቀቴን የሰማው።"

"እና... መረጡት?"

"እሱን? በረዶ በጊዜ የማያስጠርግ ሊቀመንበር ምን ያደርግልኛል! በፊቱም ነግሬዋለሁ።"

ኮሪን አፏን ይዛ ወጣች።

"አባባ፣ እንደማትመርጥዎት እያወቁ ነው?"

"አሳምሬ አውቃለሁ።"

"ዝም ቢሉ እኮ አንድ ተቃዋሚ ይቀንስልዎት ነበር!"

ሎዌል ሞተሩን አስነሳ።

"እሷን በረዶ አስቀርቷት እኔ ባሸንፍ... ያሸነፈው በረዶው ነው እንጂ እኔ ነኝ?"

ፖስታው ሰዓቱ ሳያልፍ ደረሰ።

ማታ ድምፁ ተቆጠረ...

ሎዌል በአንድ ድምፅ ተሸነፈ።

ወዳጆቼ፣ ለሚደግፈን ሰው መብት መሟገትማ ማንም ያውቅበታል። የሚከብደው የማይደግፈንን ሰው መብት ማክበር ነው። እኔ በበኩሌ ይህን ሽማግሌ ወደድኩት።

እናንተ በሎዌል ቦታ ብትሆኑስ... ምስክር ፍለጋ ትወጡ ነበር ወይስ "እግዜር ያመጣው በረዶ ነው" ብላችሁ ቤታችሁ ትገቡ ነበር? እስቲ ሳትዋሹ ጻፉልኝ 👇