የልብስ ሰፊው ጂፕ

እስቲ ስሙኝማ ወዳጆቼ፤ ዕድሜ ልኩን መርፌ ይዞ የኖረ ልብስ ሰፊ አሮጌ የጦር ሠራዊት ጂፕ በታትኖ ልጠግን ቢል ምን ትሉታላችሁ? ሚስቱ ዓመት ሙሉ ታገሠችና፣ «ቅዳሜ ካልተንቀሳቀሰ ብረት ገዢው ይወስደዋል» አለች። ቅዳሜ ብረት ገዢው በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ባልየው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሞተሩን አስነሣ። ሚስትየዋ ፊቷን አኮሳትራ ቆማለች፤ በሆዷ ግን፣ «ጌታዬ፣ አንዴ ብቻ ይንቀሳቀስለት፤ አታሳፍርብኝ» ትል ነበር።

አንደኛ ማርሽ ሲያስገባ ጂፑ ዘለለና ወደ ኋላ ሄደ! የልብስ ማስጫውን ገመድ በጥሶ፣ አንሶላ ተከናንቦ ቆመ።

«ኧረ አባባ፣ ወደፊት ይንዱት እንጂ!» አለ ብረት ገዢው።

ባልየው ወርዶ ከሥር አየና አንገቱን ደፋ። «ጎማውን የሚያዞረውን የኋላ ዲፈረንሻል ገልብጬ ገጥሜዋለሁ፤ ወደፊት ስለው ወደ ኋላ ነው የሚያዞረው።»

«ምን ታደርግ! አርባ ዓመት ልብስ ገልብጠህ ስትሰፋ ኖረህ» አለችው፤ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ወደ ብረት ገዢው ዞረች። «በል ወንድሜ፣ በሰላም ሂድ። ይንቀሳቀስ ብዬ ነው ጌታዬን የለመንኩት፤ ወዴት እንደሆነ አልነገርኩትም።»

እናንተም መንገድ ላይ ጀርባውን አስቀድሞ የሚመጣ ጂፕ ካያችሁ፣ እባካችሁ አሳልፉት።