የመንፈሱ ተራ

«ከዚህ ጀምሪ፣ እማ» ይላል ልጁ፤ መጽሐፉን በሸሚዞቹ ክምር ላይ አሻግሮ ያቀብላታል። «መንፈሱ አንቺ ነሽ። ልጅየው እኔ።»

እናት ካውያውን አቁማ መጽሐፉን ትቀበላለች። የሰው ልብስ እየተኮሰች ነው ያሳደገችው። ማንበብም የተማረችው እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ እሱ ሕፃን ሆኖ ፊደል ሲቆጥር እየሰማች፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደብተሩን እየገለጠች። ዛሬም ጣቷን ከቃሉ ሥር ካላስኬደች አይሆንላትም።

«ታሪኩ ምን ነበር ያልከኝ?» ትለዋለች። ታውቀዋለች። ጊዜ መግዛቷ ነው።

«ነገርኩሽ እኮ! የልጅየውን አባት አንድ መስፍን በግብዣ ላይ ያስገድልበታል። የአባቱ መንፈስ ይመጣና ልጁን ያስምለዋል። ልጁ አድብቶ፣ አድብቶ፣ መስፍኑን ይገድለዋል።»

«ከዚያስ?»

«ያልቃል።»

«ልጁስ?»

«እሱም ይሞታል። ሁሉም ነው የሚሞተው፣ ትራጄዲ ነዋ!» ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚናገረው። «ዋናው ግን ቋንቋው ነው። ልጅየው አንድም ቦታ ‹እገድለዋለሁ› አይልም። ከዳር እስከ ዳር ፈለግሁ፣ የለም። ‹አደራዬን እወጣለሁ› ነው የሚለው። ነገ የምንፈተነውም እሱን ነው፣ ለምን እንደዚያ እንደሚል።»

«ለምንድነው?»

ትከሻውን ይሰብቃል። ትከሻው ቁርጥ የአባቱ ነው። «ነገሩን በስሙ ከጠራው እጁ ይንቀጠቀጥበታላ።»

የእናት ጣት ገጹ ላይ ቀጥ ይላል። ትናንት ደረጃው ላይ ጀርባውን ሰጥቷት በስልክ ሲያወራ ሰምታዋለች፤ ከአባቱ ወንድም ጋር ነበር። «እሺ ጋሼ፣ አደራዬን አልረሳሁም» ነበር ያለው። ስለ ፈተናው መስሏት ደስ ብሏት ገባች።

ባሏን ጋራዥ ውስጥ የገደለው ሰው ባለፈው ሳምንት ከእስር ተፈቷል። ያረፈው ሁለት መንገድ ወዲያ፣ እህቱ ቤት ነው። ከፋርማሲው በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጥመው አንገቱን ደፍቶ አሳለፋት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ትልቁ ቢላዋ ከመሳቢያው የለም። ከምድጃው ሥር፣ ከሳህኖቹ መሀል ፈለገች። ልጇን ግን አልጠየቀችውም። አንዳንድ ጥያቄ ከከፈቱት በኋላ መዝጊያ የለውም። ቦርሳውን ወትሮ ከበሩ ጀምሮ የሚወረውር ልጅ፣ ዛሬ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ማንገቻውን ይዟል።

«እማ፣ ተራሽ ነው።»

«ልጄ ሆይ… ከጨለማ… መጣሁ።»

«እንዴ! መንፈስ እኮ ነሽ! ሸሚዝህ ደርሷል፣ ና ውሰድ የምትዪ አስመሰልሽው!» ይስቃል። «ድምፅሽን ወፈር አድርጊው።»

ሳቁ ያው የሕፃንነቱ ሳቅ ነው። ይበልጥ የሚያስፈራትም እሱ ነው።

«አፈር ተጭኖኛል… እንቅልፍ የለኝም…»

ጣቷ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርድና ይቆማል። በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል፤ ደጋግሞ ከማስመሩ የተነሳ ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። *የአባትህ ደም ሜዳ አይቅር። ማልልኝ።* ከሥሩ የልጅየው መልስ አለ፤ አንዲት ቃል ብቻ። *እምላለሁ።*

ቀና ብላ ታየዋለች። ልጇ ሳቁን ጨርሷል። እሷን አይደለም የሚያየው፤ በሩ ላይ የተሰቀለውን የአባቱን ጃኬት ነው።

«በዪው እንጂ።»

ይህ ቃል ከአፏ ከወጣ የመጽሐፍ ቃል ሆኖ አይቀርም። አንተ ጌታ፣ ትላለች በሆዷ፣ አፌን አንተ ያዝልኝ። ከዚያ ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቅበትን ታደርጋለች፤ ጸጥ ብላ ትሰማለች። ባሏ አሁን ናፍጣ ናፍጣ እየሸተተ በዚያ በር ቢገባ ምን ይላል? ጫማውን ሳያወልቅ፣ ማንንም ሳይሳለም፣ ገና ከደፉ ላይ ሆኖ?

ዓይኗን ከገጹ ታነሳለች። ድምፅዋን፣ እንደታዘዘችው፣ ታወፍራለች።

«ልጄ ሆይ፣ በልተሃል?»

ካውያው ብቻውን ትስ ይላል።

«እንደዚያ አይልም» ይላል ልጁ፣ ቀስ ብሎ።

«አባትህ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ልጁ ጃኬቱን ያያል፣ ቦርሳውን ያያል። እናት ከቆመችበት አትነቃነቅም፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛለች።

«አልበላሁም።»

«ዳቦው እዚያ ነው፣ በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። ቢላዋው ግን የት እንደገባ እንጃ።» ወደ ቦርሳው አታይም። እንዳታይ አንገቷን ግትር አድርጋዋለች።

የዚፑ ድምፅ ይሰማታል። በስፖርት ማልያው የተጠቀለለ ነገር ሸሚዞቹ መሀል ይቀመጣል። ማልያውን የምትፈታው እሷ ናት፤ ቢላዋው ነው። ዳቦውን አምጥታ በዚያው ቢላዋ ትቆርጣለች፤ ወፍራም ቁራሽ፣ የእጅ መዳፍ የሚያክል።

ልጁ ይጎርሳል። መጽሐፉ በመሀከላቸው ተከፍቶ እንደተቀመጠ ነው። የመንፈሱ ተራ አልፏል፤ ቀጣዩ የእሱ ነው፤ ቀይዋን መስመር እያየ ያላምጣል። አፉ ሙሉ ነው፤ በሙሉ አፍ አይማልም።

ሊውጥ ሲል እናት ሁለተኛውን ቁራሽ ታቀብለዋለች። ሦስተኛውን መቁረጥ ጀምራለች።