አሚን ያሉ እጆች

«ፀሐዩን ይውሰዱት፤ እኛስ ጠግበነዋል። መሬቱን ግን ይተዉልን» አለች ልጅቷ። ተሰብሳቢው ሳቀ። ከከተማ የመጣው ሰውዬ ግን አልሳቀም። እዚህ በረሃ ላይ ትልቅ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ሊሠራ ነው ብሎ ከጠዋት ጀምሮ የሰው አስተያየት ሲጽፍ ነበር። በረሃ የሚለው የአያቷን የማሽላ ማሳ ነው፤ ቤተሰቡ የሚበላው ከዚያ ነው። ጎረምሶቹ ሥራ እናገኛለን ብለው ደግፈዋል። ገበሬዎቹ አያቷን ይጠብቃሉ፤ ከሳቸው ቀድሞ እምቢ የሚል የለም።

«በሉ፣ የምትደግፉ እጅ አውጡ» አለ ሰውዬው።

«ቆይ ልጄ፣ ሳይመረቅማ አይሆንም» ብለው አያቷ ተነሡ። ዛሬ እምቢ እንደሚሉ ጠዋት ለቤተሰቡ ነግረዋል። ግን ሼህ ናቸው፤ ለሚጣሉት ሰው እንኳ ሳይመርቁ ነገር አይጀምሩም። «የመጣው ሁሉ በኸይር ይምጣ» አሉ። እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ወደ ላይ ዘርግቶ «አሚን!» አለ። እሷም ዘረጋች። «ዝናቡን በጊዜው ያውርድልን።» «አሚን!»

ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳቸው።

«እጁን ያላወጣ የለም። በሙሉ ድምፅ ተደግፏል» ብሎ ደብተሩን ዘጋ።

«ኧረ ልጄ፣ ገና መች ተናገርኩና!»

«እናመሰግናለን አባቴ» አለና መኪናው ውስጥ ገባ። መኪናው አቧራውን እያቦነነ ወደ መካነ ሰላም ከተማ ወጣ። ሰው ሁሉ ዞሮ ልጅቷን አያት፤ መቼም እሷ የምትለው አታጣም። እሷ ግን መዳፎቿን አየቻቸው። እንደተዘረጉ ነበሩ፤ ማውረዱን ረስታዋለች።