አባዬን መሆን

የቤት ወለል አረማመድ አንብቦ ለጤና ጣቢያ በሚናገርበት ዘመን፣ የስድስት ዓመቷ ናርዶስ ጠዋት ሳሎኑን ስታቋርጥ የቤታቸው ወለል፣ «ልጅቷ እንደ አባቷ እግሯን መጎተት ጀምራለች» ብሎ አሳበቀ። በአባቷ በይርጋ ዘር የሚወርድ የነርቭ ሕመም ስላለ እናቷ ትርንጎ ክው አለች።

ነርሷ ወዲያው ደረሰች። «እስቲ በተረከዝሽ ብቻ ሂጂልኝ፣ የኔ ቆንጆ።»

ናርዶስ ሳትንገዳገድ ሳሎኑን ሁለቴ ዞረችው።

«ምንም የለባትም! ታዲያ ጠዋት ምን ሆነሽ ነው?»

«አባዬን እየሆንኩ ነበራ!»

ይርጋ በሳቅ ፈርሶ ግድግዳ ተደገፈ። ነርሷ ግን፣ «ወለሉ ጨዋታ አያውቅም፤ ሁለተኛ እንዲህ እንዳትጫወት» ብላ ወጣች።

ትርንጎ ወፍራሙን አጎዛ ከቁም ሳጥን ላይ አውርዳ ወለሉ ላይ ዘረጋችው።

«ነይ» አለቻት፤ «አባትሽን እዚህ ላይ ሁኚ።»